ምዕራፍ ስድስት፦ ሰፈሩ ሰላም ነው?

ልጃቸው ሥራ አግኝታ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድባቸው ወላጆች ከደመወዙም ከቤት ኪራዩም አስቀድመው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ሰፈሩ ሰላም ነው?» መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። ደላላው «ኤምባሲ ያለበት ሰፈር ነው፣ ምንም አታስቡ» ይላል። ዱሮ አዲስ አበባ የኖሩት አጎት ካዛንቺስ የሚለውን ስም ገና ሲሰሙ «እሱማ የመጠጥ ቤት ሰፈር ነው፣ ለሴት ልጅ አይሆንም» ብለው ይቆጣሉ። በመሥሪያ ቤቱ ቀድማ የተቀጠረች ባልደረባ ደግሞ «ስኖር አንድም ቀን ምንም አልገጠመኝም» ትላለች፤ እሷን ጠዋት ሰርቪስ ከበሯ ወስዶ ማታ እበሯ ያወርዳታል። ደላላው የሚናገረው ስለ ኤምባሲው አጥር፣ አጎት ስለ ዱሮ ዝናው፣ ባልደረባዋ ስለ ራሷ አካሄድ ነው። ልጅቱ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከታክሲ ወርዳ እስከ ግቢዋ በር በእግሯ የምትሄደውን መንገድ ግን አንዳቸውም አላነሱላትም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ መንገድ ነው። ለማሳያ የመረጥኩት ቂርቆስ ክፍለ ከተማን፣ በተለይም ካዛንቺስን ነው። ቂርቆስ ስፋቱ ከ15 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 220 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ መስቀል አደባባይና ለገሃር በዚሁ ክፍለ ከተማ ናቸው፤ ቄራ፣ በቅሎ ቤት፣ መሿለኪያና ሪቼም እዚሁ ናቸው። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴልና የጭቃ ቤት ለረጅም ዘመን ግድግዳ ለግድግዳ የኖሩበት ቦታ ነው። ስለዚህም «ቂርቆስ ሰላም ነው» ወይም «ሰላም አይደለም» የሚል ሰው፣ የትኛውን መንገድ በስንት ሰዓት ማለቱ እንደሆነ እስኪጠየቅ ድረስ ምንም አልነገረንም።

ውጭ አገር የኖሩ ወገኖቻችን ለዚህ ጥያቄ የወንጀል ካርታ መፈለግ ለምደዋል። እንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊስ የመዘገበውን ወንጀል በየመንገዱ ለይታ ለሕዝብ በካርታ ታሳያለች፤ ቺካጎም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን መዝገቧን ክፍት አድርጋለች። አዲስ አበባ ላይ ቤት ፈላጊ የሚገልጠው እንዲህ ያለ ካርታ የለም። ቢኖርም እንኳ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልግ ነበር፤ ካርታው የሚቆጥረው የተፈጸመውን ሁሉ ሳይሆን ሰው ጣቢያ ሄዶ ያመለከተውን ነውና። ስልኩን የተነጠቀ ሰው «ላይገኝ ምን አደከመኝ» ብሎ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ከተማ፣ ማመልከት የለመደ ሰፈር ዝም ከሚለው ሰፈር ይልቅ አደገኛ መስሎ ይታያል።

ካርታ በሌለበት ከተማ ሰው የሚፈርደው በዓይኑ ነው፤ ዓይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ድህነትን ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ ጭቃ፣ ክፍት ቦይ፣ ሥራ ፈትተው ማዕዘን ላይ የቆሙ ወጣቶች ሲያይ «ይኼ ሰፈር ያስፈራል» ይላል። ሮበርት ሳምፕሰንና ስቲቨን ራውደንቡሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቺካጎ ላይ ይህንኑ መርምረው ነበር። መንገዱ ላይ በካሜራ የተቀረጸውን ቆሻሻና ብልሽት ነዋሪዎች «አየን» ካሉት ጋር ሲያስተያዩ፣ ሰው የሥርዓት አልባነቱን መጠን የሚገምተው በእርግጥ መንገዱ ላይ ካለው ይልቅ እዚያ በሚኖሩት ሰዎች ድህነትና የቆዳ ቀለም እንደሆነ አገኙ። እኛም ዘንድ የቆርቆሮ አጥር አይተን የምንፈርደው ፍርድ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። አደጋንና ድህነትን ለይቶ ማየት ያልቻለ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መልካም ጎረቤት ያለበትን ሰፈር ትቶ ያልፋል፣ ባማረ ሕንጻ ሥር ደግሞ ሳይጠነቀቅ ይሄዳል።

ካዛንቺስ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር ነበረች። ሰፈሯን የቆረቆሯት በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ዓለም አቀፍ እንግዳ ወደ አካባቢው ይጎርፍ ጀመር፤ ሆቴሉና መጠጥ ቤቱም ተከተለ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። በእነዚህ የቀበሌ ቤቶች ሦስት ትውልድ ተወልዶ አደገ።

የእነዚያን ግቢዎች አሠራር ያየ ሰው ጥበቃቸው ከየት ይመጣ እንደነበር ይገባዋል። በሮቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቧንቧው የጋራ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ ነው። ስለዚህ ከማለዳ እስከ ማታ በግቢው መግቢያ አንድ ሰው ሳያልፍ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ማዕዘኗ ላይ ጉሊት የተቀመጠችው እናት ሽንኩርትና ቲማቲሟን ትሽጥ እንጂ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ቀጥሎ ሊስትሮው አለ፤ የታክሲ ተራ አስከባሪው አለ፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት የማይዘጋው የሰፈር ሱቅ አለ። ያልታወቀ ፊት በቅያሱ ሁለት ጊዜ ከተመላለሰ «ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጥያቄ በትሕትና የሚጠየቅ ነው፤ ነገር ግን ለክፉ የመጣን ሰው ለማባረር ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላውቅም።

ሌሊቱም ቢሆን አጎት የሚፈሩት ዓይነት ብቻ አልነበረም። መጠጥ ቤቱ በተደረደረበት ጎዳና ላይ ሰካራም አለ፣ ድብድብም አለ። ግን ዘበኛው፣ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጠው ልጅ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቀው የላዳ ሹፌርም አሉ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት እያለ፣ የሰፈሩም ሰው የውጭ አገር እንግዳውም እስከ እኩለ ሌሊት በዚያ ጎዳና ይመላለስ ነበር። ጸጥ ካለው ከባለ አጥሩ መንገድ ይልቅ በዚህ ጫጫታ መካከል ያለፈ ሰው ቢጮህ የሚሰማው ነበረው።

አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ከተሞች በጻፈችው ዝነኛ መጽሐፍ የተከራከረችው ይህንኑ ነው፤ መንገድን የሚጠብቀው በመጀመሪያ ፖሊስ አይደለም፣ መንገዱ ላይ ሥራ ያላቸውና ወደ መንገዱ የሚያዩ ሰዎች ናቸው አለች። ከእሷ 36 ዓመት በኋላ ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በቺካጎ 343 ሰፈሮች 8,782 ነዋሪዎችን ጠየቁ። ጥያቄዎቹ አዲስ አበባ ያደገን ሰው ያስገርማሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ጠፍተው ማዕዘን ላይ ቢቆሙ ጎረቤት ይናገራል ወይ? ልጅ ትልቅ ሰው ቢሳደብ የሚገሥጽ አለ ወይ? ደጅህ ላይ ጠብ ቢነሣ የሚገላግል አለ ወይ? ለእነዚህ «አዎ» የሚባልባቸው ሰፈሮች፣ ድህነታቸው እንኳ ከግምት ገብቶ፣ ኃይለኛ ወንጀል ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። የሰው ልጅ ሲያጠፋ እንደ ራሳቸው ልጅ የሚቆጡ እናቶች ባሉበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤት ፈላጊ ግን ጥያቄዎቹን ወስዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። «እዚህ ሰፈር ሌባ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የሌለበት የት አለ» ከሚል መልስ አያልፍም። «ባለፈው ጊዜ እዚህ ሰው ሲጮህ ማን ወጣ?» ብሎ የጠየቀ ግን ታሪክ ይሰማል፤ በታሪኩ ውስጥ የወጣ ሰው መኖር አለመኖሩንም ያውቃል።

እዚህ ላይ የዱሮውን ሰፈር ከልክ በላይ ማመስገን አልፈልግም። ያ ጥበቃ ለታወቀ ሰው ነበር። ከክልል መጥታ መጠጥ ቤት የተቀጠረች ልጅ ማታ ስትመታ «የእሷ ነገር» ተብሎ የሚታለፍባቸው ቅያሶች ነበሩ። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማን የሴት ጩኸት «የባልና የሚስት ነው» ብሎ የሚተኛ ግቢም ነበር፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ ሴት ተከራይ የምትጠይቀው ሴቶችን መሆን አለበት፤ በተለይም ብቻዋን የምትኖር፣ አምሽታ የምትገባ፣ ለሰፈሩ እንደ እሷ አዲስ የነበረች ሴት ከተገኘች ከአሥር ወንዶች ምስክርነት የእሷ ይበልጣል። ወንዱ ሰላም ያለውን መንገድ እሷ ለምን እንደምትዞረው ትነግራለች።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ደረሰ። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወጣ፤ ብዙዎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከካዛንቺስ ሰው ለልማት ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከ20 ዓመት በፊትም በመልሶ ማልማት የተነሡ ነበሩ። አሁን ግን ስፋቱ ሰፈሩን ሌላ ሰፈር አደረገው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመር፣ ዛፍና ብዙ መብራት መጣ። መብራቱን አላቃልልም፤ ጨለማ ቅያስ ውስጥ ልቧ እየመታ ለሄደች ሴት መብራት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ወደ ካዛንቺስ የሚመጣ አዲስ ተከራይ ከአጎት የሚሰማው ዝና፣ ክፉውም ደጉም፣ የሄዱ ሰዎች ዝና ነው። ጉሊቷ የለችም። «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚለው ሽማግሌ ገላን ጉራ ነው። ስለዚህ ሰፈሩን እንደ አዲስ፣ በመብራቱ ሥር ማን እንደሚቆም እያዩ መመዘን ያስፈልጋል።

ደላላው ያመሰገነው አጥር እዚህ ላይ ይነሣል። ካዛንቺስና አካባቢዋ ረጃጅም አጥሮች የበዙባት ናት፤ የቤተ መንግሥቱ፣ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ፣ የትልልቅ ሆቴሎችና ተቋማት። በእያንዳንዱ በር ላይ የታጠቀ ጥበቃ አለ። ጥበቃው ግን ተቀጥሮ የሚጠብቀው ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ነው፤ ከበሩ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ እግረኛ ስልኩን ቢነጠቅ በሩን ጥሎ እንዲሮጥ አልታዘዘም። በር የሌለው ረጅም አጥር በቀን ያማረ፣ በሌሊት የብቸኛ መንገድ ነው። በእኔ ፍርድ፣ ከታክሲ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ የሚቆጠረው ዋና ነገር በር ነው፤ ክፍት ሱቅ፣ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ የሚገባና የሚወጣ ሰው ያለበት የመኖሪያ ግቢ። አጥር ብቻ ያለበት ረጅም መንገድ ከገጠምዎት፣ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ሌላኛውን ቤት ይያዙ።

መንገዱን ለማየት ቤቱን ካዩ በኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀን 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ ሁሉ ሰላም ነው። እርስዎ ግን ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት፣ በሚመለሱበት ትራንስፖርት መጥተው ከታክሲው ወርደው በእግርዎ ይሂዱ። ብቻዎን የሚፈሩ ከሆነ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ መፍራትዎ ራሱ አንድ መልስ ነው። ሌላው የሚረሳው ሰዓት ንጋት ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ወደ ዑራኤል ወይም ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ከመንገዱ አለ ወይስ የለም? እሑድም ይለያል። በሥራ ቀን በቢሮ ሠራተኛ የሚጨናነቅ ጎዳና እሑድ ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል፤ መኖሪያ ቤት እያነሰ ቢሮ በበዛ ቁጥር ይህ ጭርታ ይጨምራል።

ስልክ መንጠቅና የኪስ ሌብነት ግን ከሰፈር ይልቅ የመተላለፊያ ቦታ ወንጀል ነው። ሌባው የሚፈልገው ግርግር ነው፤ የታክሲ ሰልፍ፣ የባቡር ጣቢያ መውጫ፣ መናኸሪያ፣ የዓውደ ዓመት ገበያ። «ሿሿ» የሚባሉት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ መስለው ገብተው አንዳቸው ሲያዋክብ ሌሎቹ ኪስ የሚያወልቁ ሌቦች ናቸው። ከእንዲህ ያለው አደጋ ሰፈር መምረጥ አያድንም። ከለገሃር ሁለት ታክሲ ቀይሮ የሚገባ ሰው፣ ሰፈሩ የቱንም ያህል ሰላም ቢሆን፣ በአንድ ታክሲ ቤቱ ከሚደርሰው የበለጠ ለሌባ ይጋለጣል።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠይቀውን ልጥቀስ። በአዲስ አበባ በየዓመቱ 400 ገደማ ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ልጅን ትምህርት ቤት ለማድረስ ሰፊ ጎዳና መሻገር ግድ ከሆነ፣ ዜብራው የት ነው፣ ሹፌሩ ይቆማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሌባው ጥያቄ እኩል ይመዝናል። ሁለተኛው እሳት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሱቆች ተጠጋግተው በተሠሩበት ቦታ እሳት እንዴት እንደሚዛመት ለከተማው ሁሉ አሳይቷል። በቄራም ሆነ በመሿለኪያ በጠባብ ቅያስ ውስጥ ክፍል ሲከራዩ የእሳት አደጋ መኪና እስከ የት ሊገባ እንደሚችል በዓይንዎ ይለኩ፤ ከአንድ ቆጣሪ ስንት ቤት መብራት እንደተቀጠለም ይጠይቁ። ክፍሉ መስኮት ከሌለው ደግሞ ይተዉት፤ በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል በዚህች ከተማ ብዙ ሰው ተኝቶ እንዳይነሣ አድርጓል። ቤቱ በባንትይቀጡ ወንዝ ዳር ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃው የት ድረስ እንደሚወጣ ጎረቤት ያሳይዎታል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ምልክትም አይዋሽም።

ውልም የደኅንነት ጉዳይ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በቃል ብቻ የተከራየ ሰው ወረዳ ሄዶ ለመናገር ያፍራል ወይም ይፈራል፤ አከራዩ ቢያስቸግረው እንኳ ዝም ይላል። ከክልል የሚመጣም ሰው መሸኛውን ከነበረበት ወረዳ ይዞ ይምጣ። አከራዩ «ውል አያስፈልግም፣ እኛ እንተማመናለን» ካለ፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢያምር ለእኔ ያ ቤት ሰላም የለውም።

ይህ ሁሉ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱት ቤተሰቦች መንገዱን በሌሊት ሄደው፣ ጎረቤት ጠይቀው፣ አማርጠው አልገቡም። የሚያውቃቸው ሱቅ፣ ልጃቸውን በዓይኑ የሚከተል ተራ አስከባሪ፣ ሲታመሙ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከእጃቸው ወጣ። እድራቸውም ቢሆን አባላቱ ከተበተኑ ለቅሶ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ ሊያስፈልግ ነው። ለቤት ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለዚህ ምትክ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ስለዚህ ሰው የሚነሣበት ውሳኔ ሲወሰን፣ ቅያሱን እንዳለ አንድ ላይ ማስፈርና እድሩን ሳይበትኑ ማሻገር ከቧንቧና ከመብራት እኩል የጸጥታ ሥራ ተደርጎ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ጎረቤቱን ይዞ የሄደ ሰው በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር ስሙን ጠርቶ የሚረዳው አለ፤ ብቻውን የተመደበው ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ቤት ተከራይቶ ካዛንቺስ የሚገባውም ሰው በአዲሶቹ ሕንጻዎች መካከል የሚጀምረው ከዚያው ነው። ስለዚህ ዕቃው በገባበት ሳምንት ከመጋረጃው በፊት የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። የፖሊስን 991 እና የእሳት አደጋን 939 ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። የሕንጻውን ጥበቃና የቅርቡን ባለ ሱቅ በስም ይወቋቸው፤ ስምዎንም ይንገሯቸው። ከግራና ከቀኝ ያለውን በር አንኳኩተው «አዲስ ጎረቤታችሁ ነኝ» ይበሉ፤ ቡና ከጠሩዎት እምቢ አይበሉ። በአካባቢው እድር ካለ ዳኛውን ፈልገው መግቢያውን ይጠይቁ፤ ከሌለም ለቡና የጠሩዎትን ጎረቤቶች እድር ብናቋቁም ምን ይመስላችኋል ብለው ይጠይቋቸው።